ገደልን የማይፈራው መጓጓዣ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በለጋምቦና በቦረና፣ በወግዲና በከላላ የሚዘዋወር መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተውለው የምድሪቱ ጠባይ ሁለት ዐይነት መሆኑን ነው፤ ላይ ላዩን ሲያዩት ጤፍና ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት ሜዳ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ልብን የሚያሰፋ ሆኖ ሳለ፣ ጥቂት እልፍ ሲሉ ግን ያ ሜዳ በድንገት ተቆርጦ፣ ውሃው ወደ ዓባይ የሚወርድ ጥልቅ ሸለቆ ከእግር በታች ይገኛል። ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው፣ ከመንደርም ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ቁልቁለት መውረድና ዳገት መውጣት ግድ ስለሚሆን፣ የዚህ አገር ሰው ልጁን ይዞ በተጓዘ ቁጥር ገደል በአንድ ወገኑ ሳይኖር የሄደበት ቀን ጥቂት ነው።

ይህን አገር ለብዙ ዘመን ያሻገረው የሰው እግርና የጋማ ከብት ነው። አባት በበቅሎ ሲሄድ ትንሹን ልጅ ከኮርቻው ፊት አስቀምጦ በክንዱ ይደግፈዋል፤ ከፍ ያለው ልጅ ከኋላ ተፈናጦ የአባቱን መታጠቂያ ይይዛል፤ ዐሥር ዓመት የሞላው እረኛ ደግሞ ያለ ኮርቻ ፈረሱን ጋልቦ ውሃ ያወርዳል። ይህ ሁሉ አደጋ የሌለበት ነበር ለማለት አይደለም፤ ከፈረስ ወድቆ የተሰበረ፣ በበቅሎ ርግጫ የተጎዳ ሕፃን በየመንደሩ ነበረ፤ አሁንም አለ። ነገር ግን እንስሳይቱ ራሷ ነፍሷን የምትወድና ገደልን የምትፈራ ፍጥረት ነበረች። በጉም ቀን፣ ተቀማጩ ዐሥር ክንድ አርቆ ማየት በተሳነው ጊዜ፣ በቅሎይቱ የመንገዱን ጠርዝ በኮቴዋ እየፈተነች ትራመዳለች፤ አፈሩ የከዳት እንደ ሆነ ትቆማለች፤ ቢገርፏትም አትሄድም። በኦሪት ዘኁልቍ የተጻፈውን የበለዓምን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ፣ ጌታዋ ያላየውን አይታ ከመንገድ ፈቀቅ ያለችውንና ስለዚህም ሦስት ጊዜ የተመታችውን አህያ ያስታውሳል። በጉዞ የኖሩት አበውም በእንስሳት ፍርሃት ብቻ ሳይመኩ የራሳቸውን ሥርዓት ጨምረውበት ነበር፤ ይኸውም ጽኑ ቁልቁለት ሲደርሱ ከኮርቻ ወርዶ፣ በቅሎን ስቦ፣ ልጅን በእጅ ይዞ ወይም አዝሎ በእግር መውረድ ነው።

በዘመናችን ይህ መልክ ተለውጧል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም የአገሪቱን ቀበሌዎች በሙሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ዓላማ አድርጎ ከተነሣ ወዲህ፣ ቀድሞ በቅሎ ብቻ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የገጠር ፒስታ ተቆረጠ፤ በፒስታው ላይ አይሱዙና ፒክአፕ፣ በትንንሾቹ ከተሞች ውስጥ ባጃጅ፣ መንገድ በማይባለው የእግር መሄጃ ላይ ደግሞ ሞተር ብስክሌት ተተካ። በሌላው ዓለም ከመንገድ ውጭ ለመንዳት ተብለው የሚሠሩ ልዩ ልዩ ተሽከርካሪዎች አሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ለከተማ አስፋልት የተሠራው ሞተር ራሱ በእርሻ ዳር፣ በወንዝ መሻገሪያና በኮረኮንች ላይ ይነዳል። ይህን በረከት የሚያቃልል ሰው የአገሩን ችግር የማያውቅ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ግማሽ ቀን መጓዝ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ፣ ትኩሳት ያናወዘውን ሕፃን አዝሎ ሌሊት ዳገት የወጣ ሰው፣ ያንኑ መንገድ በአንድ ሰዓት የሚያስኬደውን ሞተር ቢያመሰግን ተገቢ ነው። እኔም የምጽፈው ሞተር ይቅር ብዬ አይደለም።

የምጽፈው ስለ አንድ ነገር ነው። ወላጅ ልጁን ከበቅሎ አውርዶ ሞተር ላይ ባወጣው ጊዜ፣ በበቅሎ ዘመን የነበረውን ልማዱን ሁሉ ይዞ ተሻግሯል፤ ትንሹን ከፊት ማስቀመጡን፣ ትልቁን ከኋላ ማፈናጠጡን፣ እረኛውን ልጅ ብቻውን መላኩን አልተወም። በቅሎይቱ ትሸከመው የነበረውን የፍርሃት ድርሻ ግን የተሸከመ የለም። ሞተር ዐይን የለውም፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይሄዳል፤ ወደ ገደልም ቢያቀኑት እንደዚያው ይሄዳል። ቀድሞ ለሰውና ለእንስሳ ተከፍሎ የነበረው ጥንቃቄ ዛሬ በሙሉ በሰው ጫንቃ ላይ ወድቋል፤ ያም ሰው ሕፃን ያለው እንደ ሆነ በወላጅ ጫንቃ ላይ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት የሚወድ አንባቢ ይህን ይመልከት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ከድንጋይ ወይም ከዛፍ ጋር ቢጋጭ፣ በላዩ ያለው ሰው የሚያገኘው ምት ከ6 ሜትር ከፍታ ወደ መሬት እንደ መውደቅ ያለ ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ከፍታው ወደ 14 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር የመውደቂያው ከፍታ ከእጥፍ በላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ልጇን ከ6 ሜትር ገደል አፋፍ ላይ ያለ መያዣ የምታስቀምጥ እናት በከላላም ሆነ በሌላ አገር አትገኝም፤ ያንኑ ልጅ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር በሚበር ሞተር ላይ ስታስቀምጠው ግን ገደሉ በዐይን ስለማይታይ ልቧ አይደነግጥም።

ሕፃን ደግሞ በቁመት ያነሰ ጎልማሳ ማለት አይደለም። ሲወለድ የራሱ ርዝመት የቁመቱን ሩብ ያህል ነው፤ የጎልማሳ ራስ ግን የቁመቱ ስምንተኛ እጅ ገደማ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልጅ ሲወድቅ ራሱ ይቀድማል፤ አንገቱም ያን ከባድ ራስ ለመግታት ገና አልጠነከረም። ከሞተር ኋላ ሲቀመጥ እጁ የትልቁን ሰው ወገብ አይዞርም፤ እግሩ መርገጫው ላይ አይደርስም፤ እግሩ ተንጠልጥሎ ስለሚቀርም ሞተሩ በኮረኮንቹ በዘለለ ቁጥር ሰውነቱ ከመቀመጫው ይነሣል። የጭስ ማውጫው ቱቦ በግለቱ ብዛት ባቱን ያቃጥለዋል፤ ይህ ቃጠሎ በገጠር ልጆች እግር ላይ የሚታይ ጠባሳ ነው። ደግሞም የነጠላ ጫፍ፣ የሻሽ ዘርፍ፣ የጋቢ ጠርዝ በሰንሰለቱ ወይም በጎማው ሽቦ መካከል የገባ እንደ ሆነ፣ ለባሹን ነጂው ሳያውቅ ከመቀመጫው ይነቅለዋል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን እንቅልፍ ነው። ሕፃን በረጅም መንገድ ላይ፣ የሞተሩ ድምፅና ንዝረት ሳይቋረጥ፣ ጀርባውን ፀሐይ ሲሞቀው ይተኛል፤ ሲተኛም ጣቶቹ ይላላሉ። ነጂው ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ስለሚሄድ ይህን የሚያይበት ዐይን የለውም፤ ልጁ ከኋላው መኖሩን የሚያውቀው በክብደቱ ብቻ ነው፤ ክብደቱም ቀላል ነው።

ልጅን ከነጂው ፊት፣ በነዳጅ ታንከሩ ላይ ማስቀመጥ ለብዙ አባቶች የፍቅር ሥራ ይመስላቸዋል፤ ልጁም ደስ ይለዋል፤ መሪውን እንደ ጨበጠ ሆኖ ስለሚሄድ ነጂው እርሱ ይመስለዋል። ነገር ግን ሞተሩ በድንገት የቆመ እንደ ሆነ ሕፃኑ በደረቱና በፊቱ ከመሪው ብረት ጋር ይጋጫል፤ ከኋላው ያለው የአባቱ ሰውነት በሙሉ ደግሞ በእርሱ ላይ ይደፋል። ሊጠብቀው የተጠጋው አባት በዚያች ቅጽበት ሸክሙ ይሆንበታል። በአንቀልባ የታዘለ ሕፃንም እንዲሁ ነው፤ እናት ወደ ጎን ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ መያዣውን፣ በሌላው ዘንቢሏን ይዛ ስትሄድ፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ያዘነበለ እንደ ሆነ መጀመሪያ መሬት የሚነካው ጀርባዋ ላይ ያለው ነው። ሕፃኑ ራሱን የሚሸፍን የራስ ቁር ሊለብስ አይችልም፤ አንገቱ አይሸከምለትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለኝ ወላጅ የማያወላዳ መልስ እሰጣለሁ። እግሩ የሞተሩን መርገጫ አጥብቆ የማይረግጥ፣ እጁም የነጂውን ወገብ አጥብቆ የማይዝ ልጅ ሞተር ላይ አይውጣ። በእግር ይሂድ፤ ይታዘል፤ በቅሎ ያለው በቅሎ ይጫን፤ መኪና ሲገኝም ከጭነቱ ላይ ሳይሆን ከጋቢናው ውስጥ ይቀመጥ። በሽታ አስገድዶ ሕፃንን በሞተር ማድረስ የግድ የሆነ እንደ ሆነ፣ ከነጂውና ከእናቱ በቀር ሦስተኛ ሰው አይጨመር፤ እናት ወደ ጎን ሳይሆን አንፈራጥጣ ትቀመጥ፤ ሕፃኑን በጀርባዋ ሳይሆን በደረቷ ላይ አስራ በእርሷና በነጂው መካከል ታድርገው፤ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ ትቀመጥበት፤ ነጂውንም ቀስ በል ማለት አትፈር። ይህ ደኅንነት አይደለም፤ ከሁለቱ ክፉ ያነሰውን መምረጥ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁሉም ሰው ያለ ገንዘብ ሊያደርገው የሚችለው አለ። አበው በቅሎን እንኳ፣ ያን ጠንቃቃ ፍጥረት፣ በጽኑ ቁልቁለት ላይ አላመኑትም፤ ወርደው ይስቡት ነበር። ታዲያ ዛሬ ነጂው ወደ ሸለቆው መውረጃ ሲደርስ ሞተሩን አቁሞ፣ እናትና ልጅ ወርደው በእግራቸው ቁልቁለቱን ቢጨርሱ፣ እርሱ ደግሞ ባዶውን ሞተር ቀስ አድርጎ አውርዶ ከሥር ቢጠብቃቸው፣ የሚጠፋው የሩብ ሰዓት ጊዜ ብቻ ነው። ክረምት ገብቶ ጭቃው ሲያዳልጥ፣ ጠዋት ጉም ሲወርድ፣ ይህ ልማድ ሊመለስ ይገባዋል።

ስለ ራስ ቁር፣ ሰው ሄልሜት ስለሚለው፣ ጥቂት ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ሲያስተምርበት የኖረው የሐኪሞች ምርመራ እንደሚያስረዳው፣ በሞተር አደጋ ጊዜ የራስ ቁር የለበሰ ሰው ከማይለብሰው ይልቅ የመሞት አደጋው በመቶ 42፣ የራስ ጉዳቱ ደግሞ በመቶ 69 ይቀንሳል። ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት ብዙ አይገኝም። ነገር ግን በገጠር መንገድ የራስ ቁር ቢታይ የሚታየው በነጂው ራስ ላይ ነው፤ ከኋላው የተፈናጠጠው ልጅ ራሱ ባዶ ነው፤ ወይም የአባቱን ሰፊ ቁር ደፍቶ ሲሄድ በነፋስ ይዞርበታል። ልክ ያልሆነ ቁር፣ መቀነቱ ያልታሰረ ቁር በመጀመሪያው ምት ወልቆ ይሄዳል። ልክነቱ የሚታወቀው መቀነቱ ከታሰረ በኋላ ራስን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዙ አብሮ ሲወዛወዝ እንጂ ብቻውን ሲዞር አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከባድ ምት ያረፈበትም ደግሞ አያገለግልም። የሕፃን ልክ የሆነውን በወረዳ ገበያ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ የነጋዴው ብቻ ጥፋት አይደለም፤ ፈላጊ የሌለውን ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ የለም፤ አባቶች ቢጠይቁ ከደሴና ከኮምቦልቻ የማይመጣበት ምክንያት አይኖርም።

ከሞተሩ ወደ አይሱዙው ስንሻገር ነገሩ በመልክ ይለያል፤ በሥሩ ግን አንድ ነው። በገበያ ቀን ከእህል ጆንያ በላይ ሕፃናትን አስቀምጦ መሄድ፣ ከላይ ያለው ሰው ብዛት የመኪናውን ክብደት ወደ ላይ ስለሚስበው፣ በመታጠፊያው ላይ መገልበጥን ያቀርባል፤ ሳይገለበጥም እንኳ በፍሬን ጊዜ ቀድመው የሚወረወሩት ቀላሎቹ ናቸው። በቆመ መኪና ጥላ ሥር የሚጫወት ልጅ፣ በሚንቀሳቀሰው መኪና ኋላ የሚንጠለጠል ልጅ፣ ሁለቱም ሾፌሩ በመስተዋቱ ከማያየው ቦታ ላይ ናቸው። መኪናው ወደ ኋላ ከመሄዱ በፊት ረዳቱ ወርዶ መኪናውን መዞር ይገባዋል። ከጥቂት ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ይኸውም ራሳቸው ስለሚነዱ ልጆች ነው። ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ከኋላው እህል ጭኖ ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄድ ያየው ሰው «ጎበዝ» ይለዋል፤ አባቱም በልቡ ይኮራል። ኩራቱን እረዳለሁ። በዚያ አገር ልጅ በሥራ ያድጋል፤ ከብት ይጠብቃል፣ እርሻ ያግዛል፣ ፈረስ ይገራል፤ ሥራን ከልጅ መንፈግ ልጁን ከሰው ተራ ማውጣት ይመስላል። ነገር ግን በገጠር የሚታየው ሞተር ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ልጁ ግን ከ30 እስከ 40 ኪሎ ቢመዝን ነው። ሞተር ደግሞ በኮረኮንች ላይ የሚጸናው በመሪው ብቻ ሳይሆን ነጂው ሰውነቱን ወዲያና ወዲህ በማመዘኑ ስለ ሆነ፣ ክብደቱ የማይበቃ ልጅ መሪውን ቢያውቅም እንኳ ሞተሩን አያዝዘውም። ከዚህም ጋር ሕፃናት የሚመጣውን ነገር ፍጥነትና ርቀት አገናዝበው መፍረድ የሚችሉት ዘግይተው ነው፤ ይህ የስንፍና ሳይሆን የዕድሜ ነገር ነው፤ አእምሮ እንደ ጥርስ በጊዜው ይበቅላል።

ሕጉም በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በአገራችን ለሞተር ብስክሌት የመንጃ ፈቃድ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው፤ ያለ ራስ ቁር ሞተር መንዳትም በትራፊክ ቁጥጥር ደንብ እንደ ጥፋት የተቆጠረ ነው። ከእነዚህ ይልቅ ግን ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የዚህ ሕግ ቁጥር 2124 አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባት ተጠያቂ መሆኑን ይደነግጋል። ቁጥር 2081 ደግሞ የተሽከርካሪ ባለቤት፣ ተሽከርካሪውን የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት እንኳ ቢሆን፣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ከዚህ ኃላፊነት የሚድነው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደ ነበር ያስረዳ ባለቤት ነው። «ልጁ ቁልፉን ሳላውቅ ወሰደው» የሚለው ቃል በሽማግሌ ፊት ርኅራኄን ያስገኝ ይሆናል እንጂ በዳኛ ፊት ኃላፊነትን አያወርድም። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ያደረጉት አባትን ለመጨቆን አይደለም፤ ቁልፍ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚመርጠው አባት ስለ ሆነ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 የሕፃናትን በሕይወት የመኖር መብት ለይቶ አስቀምጧል።

የሌላው ዓለም ተሞክሮም ከእኛ የራቀ አይደለም። በአሜሪካ ገበሬዎችና ወጣቶች በሜዳና በዱር የሚነዷቸው፣ መጀመሪያ ባለ ሦስት ጎማ የነበሩ፣ በኋላም ባለ አራት ጎማ የሆኑ ሞተሮች በብዛት በተሸጡ ጊዜ፣ ከሚሞቱት መካከል ሕፃናት ብዙ ሆነው ተገኙ። ባለ ሦስት ጎማው በመታጠፊያና በጎንዮሽ ተዳፋት ላይ በቀላሉ ስለሚገለበጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 አምራቾቹ ከመንግሥት ጋር ተዋውለው አዲሱን መሸጥ አቆሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ሕግ ከለከለው። ይህን የምጠቅሰው የእኛ ባጃጅም በሦስት ጎማ ስለሚቆም ነው፤ አሠራሩና ዓላማው ሌላ ቢሆንም፣ በተዳፋት ላይ ሕፃናትን አጭቆ ሲታጠፍ የሚገለበጥበት ምክንያት ያው ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እነዚህን ተሽከርካሪዎች እንዳይነዳ ይመክራል። በማሳቹሴትስ ግዛት ደግሞ የስምንት ዓመት ልጃቸውን በእንዲህ ያለ ተሽከርካሪ አደጋ ያጡ ወላጆች ኀዘናቸውን ይዘው በየሹማምንቱ ደጅ ተመላልሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይነዳ የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ አደረጉ። በጣም የበለጸገ፣ ሐኪም ቤቱ የቀረበ፣ መንገዱ የተስተካከለ አገር እንኳ ልጆቹን በዚህ ዐይነት ይቀብራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በያመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ላሉት ደግሞ ከማናቸውም በሽታ የሚበልጠው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ለከላላ ሕፃን ግን ከዚህ ሌላ የሚጨመርበት አለ፤ ራሱ የተመታ ልጅ የሚያስፈልገው ቀዶ ሐኪም ደሴ ነው፤ ደሴ ደግሞ ሩቅ ነው። በከተማ የሚድን ጉዳት በገጠር የማይድንበት ምክንያቱ ይህ ርቀት ስለ ሆነ፣ በከላላ ያለ አባት በአዲስ አበባ ካለው ይልቅ መጠንቀቅ አለበት እንጂ ከእርሱ ያነሰ ሊጠነቀቅ አይችልም።

ብዙ ጊዜ ከአደጋ በኋላ የሚሰማው ቃል «የአላህ ሥራ ነው»፣ «እግዚአብሔር ወሰደው» የሚል ነው። ለተጎዳ ልብ ይህ ቃል መጽናኛ ነውና በኀዘን ቤት ውስጥ አልነካውም። ከአደጋ በፊት ሲነገር ግን አይገባም፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች አይፈቅዱትምና። ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከዚያ ማንም ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ መከታ ያላደረገ ሰው የሚወድቀውን በገዛ እጁ ባይገፋው እንኳ ከበደል ንጹሕ አይደለም ማለት ነው። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ ሰው ሁሉ በቤተ ሰቡ ላይ እረኛ መሆኑን፣ ስለ ጠበቃቸውም የሚጠየቅ መሆኑን አስተምረዋል። በወሎ ቄሱም ሼሁም በአንድ ቀዬ የሚኖሩ፣ በአንድ ሸንጎ የሚቀመጡ ስለ ሆኑ፣ ይህን ትምህርት በየበኩላቸው ቢያስተምሩ ከትራፊክ ፖሊስ ይልቅ ይሰማሉ፤ ትራፊክ ፖሊስ በዚያ ሸለቆ ሁሉ የለም፤ ቅዳሴና ጁምዓ ግን አለ።

እናቶችን በተመለከተ የምለው አለኝ። ሞተሩን የሚገዛውና የሚነዳው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ሆኖ ሳለ፣ ልጅን ይዛ የምትወጣው እናት ናት፤ ስለዚህ ፍርሃቱን የምትቀምሰው እርሷ ናት፤ የመናገር ሥልጣን ግን ብዙ ጊዜ የላትም። «ወንድሜ ቀስ በል፣ ልጅ ይዣለሁ» ስትል «እትዬ አይዞሽ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» ተብላ ትታለፋለች። መንገዱን ማወቅ ግን ድንጋዩ ሌሊት የተንከባለለበትን ቦታ ማወቅ አይደለም። ባል የሚስቱን ፍርሃት እንደ ድካም ሳይቆጥር እንደ ምክር ቢቀበለው፣ ነጂም የተሳፋሪዋን ቃል እንደ ስድብ ሳይቆጥር እንደ ትእዛዝ ቢፈጽመው፣ ቀድሞ በበቅሎይቱ ኮቴ ይነገር የነበረው ማስጠንቀቂያ ዛሬ በእናት አንደበት ተነገረ ማለት ነው።

በመጨረሻ ስለ ቅሬ ልናገር። በወሎ እስላምና ክርስቲያን ሳይለይ የቀዬው ሰው የሚሰበሰብበት፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ለኀዘንተኛ ድንኳን የሚተክለው፣ ለቀብር ያልመጣውን የሚቀጣው ማኅበር ቅሬ ነው። ቅሬ ሕግ አለው፤ ዳኛ አለው፤ ትእዛዙም ይፈጸማል። ይህ ማኅበር እስከ አሁን ሥራውን የሚጀምረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ ነገር ግን ለሕፃን መቃብር እንዲቆፈር የማዘዝ ሥልጣን ያለው ጉባኤ፣ መቃብሩ እንዳይቆፈር የማዘዝ ሥልጣን የማይኖረው በምን ምክንያት ነው? ቅሬው በአንድ ስብሰባው ላይ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞተር እንዳይነዳ፣ በሽታ ካላስገደደ በቀር እግሩ መርገጫ የማይደርስ ሕፃን ሞተር ላይ እንዳይወጣ፣ ከአንድ ነጂና ከአንድ ተሳፋሪ በላይ እንዳይጫን፣ በቀዬው ስም በታወቁት ጽኑ ቁልቁለቶች ላይ ልጅ ያለው ተሳፋሪ ወርዶ በእግሩ እንዲሄድ ቢወስን፣ ይህን ያፈረሰውን አባት ደግሞ ከቀብር እንደ ቀረ ሰው ቢቀጣው፣ የመንግሥት ደንብ የማይደርስበት ቦታ ሁሉ ይደርሳል። ከመቀጫው የሚሰበሰበው ብርም ሌላ ቦታ ሳይሄድ፣ ለቀዬው ልጆች በልካቸው የራስ ቁር መግዣ ይሁን፤ ቁሩም በቅሬው ዳኛ ቤት ተቀምጦ፣ ልጁን ይዞ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሁሉ ተውሶ ይመልሰው።